ጥዱና ቧንቧው

ከባህር ዳር ጎንደር በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ ዘመን አጠገብ ካለው የጣራ ገዳም ደን በቀር ስለ መንገዱ የማወራው የለኝም። እኔ ያደግሁት ጅማ፣ ቡና በዋንዛ ጥላ ሥር በሚለቀምበት ቀዬ ነው፤ ገላጣ ተራራ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሆቴሉ አናደደኝ። ለአዳር 1200 ብር ከፍዬ ስገባ ቧንቧው ጠብ አይልም። «ውኃ በወረፋ ነው፤ ዛሬ የእኛ ሰፈር ተራ አይደለም» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ። ሙቅ ሻወር አለው ብለው ዋጋ ሲጨምሩብኝ ግን ወረፋውን ያነሳ አልነበረም። በአንድ ባልዲ ውኃ ተለቃለቅሁ፤ ቧንቧው ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲተፋ አደረ።

ጠዋት ባጃጅ ይዤ ወደ አንገረብ ግድብ ሄድሁ። ሾፌሩ 400 ጠርቶ በ300 ተስማማን። ጎንደር ከምትጠጣው ውኃ አንዱ ከዚህ ይመጣል። ሚያዝያ ነበርና ውኃው ሸሽቶ ዳር ዳሩ የተሰነጣጠቀ ደለል ሆኗል፤ በአንዱ ስንጥቅ እጄን ብከት እስከ አንጓዬ ገባ። ከላይ ካሉት ኮረብቶች የተጠረገ የእርሻ አፈር ነው። ዛፍ በሌለበት ቁልቁለት ዝናቡ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ ይወርድና ግድቡ ውስጥ የውኃውን ቦታ ይወስዳል። አልፎ የሄደው በመገጭ ወንዝ ጣና ይገባል፤ ሐይቁን የወረረው እንቦጭም ከእርሻ ታጥቦ በሚወርደው ንጥረ ነገር ይፋፋል።

ስንመለስ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል። በእነሱ መፍረድ ግፍ ነው። ከፋሲል በፊት የነገሥታቱ ሰፈር ከቦታ ቦታ ይነቀል ነበር፤ አንዱ ምክንያት የማገዶ ማለቅ ነው። ጎንደር ግን እ.ኤ.አ. ከ1636 ገደማ ጀምራ ከ200 ዓመት በላይ መናገሻ ሆና ኖራለች። ያ ሁሉ ምድጃ ዘመናት ሙሉ የነደደው በዙሪያዋ እንጨት ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስደርስ ሰው ሁሉ በጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ሊያይ ገባ። እኔ ግቢው ውስጥ ጥዱና ወይራው ሥር ቀረሁ። የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ሳደርገው አፈሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጣት የሚያሰምጥ ነው፤ ያውም በሚያዝያ! ከቅጥሩ ውጭ ያለው መሬት ጫማ ያንኳኳል። ስንዝር የማትሞላ የወይራ ችግኝ አየሁና አንድ አዛውንት ካህን ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ ይቺን ማን ተከላት?»

«ወፍ ናት ልጄ። ፍሬውን በልታ ትጥለዋለች። የእኛ ሥራ ፍየል እንዳይገባ በሩን መዝጋት ነው።»

«ከቅጥሩ ውጭስ አትጥልም?»

«መጣሉንማ ትጥላለች። ማን ያሳድገው?»

ባጃጁ ውስጥ ይህን ለሾፌሩ አወራሁለት። ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠብቄው ለቆይታው ሳንቲም አልጠየቀኝም። ከአንገረብ በላይ ያለው ገደላ ገደል ሁሉ ከንክኪ ነፃ ቢደረግ ወፎቹ ይበቁ ነበር አልሁት።

«ፍየሉስ ምን ይብላ?» አለኝ።

ከዚያ ራሱ መለሰው። የአጎቱ መንደር ሰዎች ተራራቸውን ከከብት ከልለው፣ ሣሩን እያጨዱ በዕጣ ይካፈላሉ። መጀመሪያ በድርሻ ተጣልተው ሽማግሌ ገብቶበታል፤ አሁን ግን ከብት የሚያስገባውን የሚቀጡት ራሳቸው ናቸው አለኝ።