ለኮሮላዬ የገዛሁት ስፖይለር

ዛሬ አለቀ። ስፖይለሩ፣ ማለትም ከመኪናዋ የኋላ ኮፈን ላይ የሚቀመጠው ክንፍ መሳይ ነገር፣ ተገጥሟል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ መብራቱም ይበራል። የስቱኮ ሽታ ከእጄ ገና አልለቀቀም። ነገሩ ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መኪናዋ ኢ110 የሚሏት ኮሮላ ናት። ቶዮታ ይህን ሞዴል ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ለሚያይ ሰው ብርቅ አይደለችም። ለኔ ግን ብርቅ ናት። የአባቴ ነበረች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ራሱ ነበር የሚያጥባት። ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈልግም ነበር። ወደኔ ስትመጣ ሞተሯ ደህና፣ ወንበሯም ንጹሕ ነበር። ከኋላ ሳያት ግን ሁልጊዜ የሆነ ነገር የጎደላት ይመስለኛል። ጀርባዋ ባዶ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

«እዚህ ከተማ ውስጥ ስፖይለር ምን ይሠራልሃል?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከፒያሳ ወደ ማራኪ በባጃጅና በጋሪ መሀል እየተሽሎከለክህ ስትነዳ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሄድበት ቦታ ጥቂት ነው። በዚህ ፍጥነት ስፖይለር ለመኪና አያያዝ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አየሩ መኪናዋን የሚገፋበት ኃይል የሚያድገው ከፍጥነቱ በላይ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። 40 ላይ ያለው ኃይል 120 ላይ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ በአውራ ጎዳና ለሚከንፍ መኪና ስፖይለር ትልቅ ቁም ነገር ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ ባደረገው 911 ካሬራ አርኤስ ላይ ያችን የዳክዬ ጭራ የምትባል ስፖይለር የገጠመው ለጌጥ ብሎ አይደለም። ስትሮጥ ኋላዋ እንዳይቀል ነው። የአውዲ ቲቲ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል። መጀመሪያ ያለ ስፖይለር ወጣች። በከፍተኛ ፍጥነት አደጋ ሲበዛ ኩባንያው የሸጣቸውን መኪኖች መልሶ ጠርቶ ከኋላ ትንሽ ስፖይለር ገጠመላቸው። ሌላም ማስተካከያ ጨመረባቸው።

የኔ ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ ውበት ነው። ውበት ምክንያት አይሆንም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ሰው ቤቱን ቀለም የሚቀባው ግድግዳው ሊወድቅ ስለሆነ አይደለም። ሁለተኛው መብራት ነው። በኋላ መስታወቱ ሥር የነበረው ሦስተኛው የፍሬን መብራት ፀሐይ በልቶት ተሰነጣጥቆ ከወጣ ቆይቷል። የጎንደርን ቁልቁለት የሚያውቅ ይረዳኛል። ፍሬን ስትይዝ ባጃጁ ከኋላህ ሊገባ ምንም አይቀረውም። ከፍ ብሎ የሚበራ መብራት ደግሞ ከኋላህ ላለው ብቻ ሳይሆን በመስታወቱ አሻግሮ ለሚያይ ለሁለተኛው ሾፌርም ይታያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1986 ሞዴል ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪኖች ላይ በሕግ ያስገደደችው ለዚህ ነው። እኔም የፈለግኩት መብራት ያለውን ስፖይለር ነበር።

አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ዞሮ አገኘልኝ። በቪዲዮ እየደወለ አሳየኝ። ገልብጠው አልኩት። ያገለገለ ስፖይለር ስትገዛ ላዩን አትይ። ላዩ ይቀባል። ከሥሩ ቡሎኖቹ ያሉበትን ቦታ እይ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የመብራቱ ሽፋን ውስጥ ውኃ ገብቶ እንደሆነም እይ። ተደራድሮ ገዛውና በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ላከው። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበል ሕፃን የተቀበልኩ ያህል ነው የተጠነቀቅኩት።

ቤት አምጥቼ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አደረግኩት። ከላይ ቀይ ነው። ከቀዩ ሥር ብርማ ወጣ። ከብርማው ሥር ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ። ከዚያ ነው ስፖይለሩ የተሠራበት የፋይበሩ ቢጫ የታየው። ይህ ዕቃ ከኔ በፊት ሌሎች ሰዎች ሲያምርባቸው ኖሯል ማለት ነው። ደስ አለኝ። ፋይበር መሆኑም ጥሩ ነው፤ ስቱኮ ይይዛል፣ ይጠገናል። ብናኙ ግን ያሳክካል፣ ለሳንባም መጥፎ ነው። አፍንጫን ሸፍኖ በውኃ እያረጠቡ መፈተግ ያስፈልጋል።

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የቦዲ ሥራ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። አባቴም መኪናዋን የሚያሳያቸው እሳቸውን ነበር። ስፖይለሩን ከእጄ ተቀብለው የኋላ ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት። ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው ከጎን አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ የኮሮላ ነው። ያንተ ኮሮላ ግን አይደለም» አሉኝ።

«አይሆንም ማለት ነው ጋሼ?»

«እናደርገዋለና! ትንሽ እጅ ይፈልጋል እንጂ።»

መሀሉ ቁጭ ብሏል። ሁለቱ ጫፎች ግን ተነስተዋል። በግራ በኩል ጣቴ ሥሩ ይገባል። የዚህኛው ኮፈን ቁልመማ ስፖይለሩ ከተሠራለት ኮፈን ይለያል። እንዲህ ያለውን ብዙ ሰው በቡሎን ጎትቶ ያስጠጋዋል። ፋይበር እንዲህ ሲጎተት ዛሬ እሺ ይላል፣ ከወራት በኋላ ግን ቡሎኑ አጠገብ ይሰነጠቃል። ጋሼ ይህንን በፍጹም አይሠሩም። እኔም የምወዳቸው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ኮፈኑን በወረቀት ፕላስተር አለበሱት። በላዩ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ሸካራውን ወደ ላይ አድርገው ለጠፉ። ከዚያ ስፖይለሩን በቦታው አስቀምጠው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሽ በትንሹ ይፈትጉት ጀመር። የሚበላው ኮፈኑን የሚነካው ብቻ ነው። መሀሉ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ፣ ጫፎቹም ቀረቡ። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር። እያቆሙ በጣታቸው ይዳስሳሉ። «እጅ ከዓይን ይበልጣል» አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይለያል።

በፍተጋ ያልጠፋውን ክፍተት በስቱኮ ሞሉት። ብርጭቆ ወረቀቱን አንስተው ፌስታል ቀደው ኮፈኑ ላይ ዘረጉ። ስቱኮውን ከማጠንከሪያው ጋር ለውሰው በስፖይለሩ ጫፎች ሥር ቀቡና በቦታው ጫን አድርገው ተዉት። ማጠንከሪያ ከበዛ ቶሎ ይደርቅና ኋላ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ ደግሞ አይጠነክርም። ሲነሳ ስቱኮው የኮፈኑን ቅርጽ ይዞ ወጣ። ፌስታሉ ተላጠ። ከዚያ በኋላ ስፖይለሩ የተቀመጠው በራሱ ነው፤ ማንም አልተጫነውም።

አንዱ ቡሎን በቦታው ይሽከረከር ነበር። ዙሪያውን ቆፍረን አወጣነው። ቀዳዳውን አሻክረን፣ የቡሎኑን ራስ በሞረድ ጎረድ ጎረድ አድርገን፣ ባለ ሁለት ቱቦውን ማጣበቂያ ለውሰን ተከልነው። እስከ ማግስቱ ማንም አልነካውም።

መብሳቱ ደረሰ። የአባቴን መኪና በትራፓኖ መብሳት ቀላል ነገር አይደለም። ልቤ መታ። ጋሼም ገብቷቸዋል መሰለኝ አልቸኮሉም። ካርቶን ወስደው የቡሎኖቹን ቦታ ወሰዱ። ካርቶኑ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ እንዳይሆን ቀስት ሳሉበት። የኮፈኑን መሀል ለክተው ምልክት አደረጉ። ከውስጥ በኩል ደጋፊው ላሜራ የት እንዳለ አዩ፤ ቀዳዳው እሱ ላይ ካረፈ ዳዶው አይገባም። በሹል ብረት ነጥብ መቱ፤ ፑንታው እንዳይንሸራተት ነው። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ፣ ቀጥሎ በወፍራም በሱት።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ማንም የማያየው ነው። ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ከሥር ያነጠፍነው ጨርቅ ላይ የወደቀውን የብረት ብናኝ ሰበሰብን፤ አንዱ ብናኝ ቀርቶ ውኃ ካገኘው ይዝጋል። የቀዳዳዎቹን ከንፈር በሞረድ አለሰለስን። የተላጠውን ብረት ፀረ ዝገት ቀለም ቀባነውና እስኪደርቅ ጠበቅን። በየቡሎኑ ሥር ቀጭን ጎማ አደረግን፣ ዙሪያውን በስስ ሲልከን ዘጋን። ከውስጥ ሰፋ ያለ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ጋሼ ዳዶውን በእጃቸው ካደረሱ በኋላ በቁልፍ ጥቂት ብቻ ጨመሩ። የጎንደርን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ያየ ሰው ያልተቀባ ቀዳዳ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ውኃው ኮፈኑ ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፉ ይሸታል፣ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ አረፋ መስሎ ሲታይ ጊዜው አልፏል።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ክብደቱ ነው። ኮፈኑን ስንከፍተው ቀስ ብሎ ወረደ። ቀድሞ ራሱን ችሎ ይቆም ነበር። ኮፈኑን የሚያነሱት ረጃጅም የብረት ሞላዎች ናቸው፤ ጫፋቸው ማጠፊያው አጠገብ ጥርስ ላይ ያርፋል። ወደ ቀጣዩ ጥርስ ሲዛወሩ ኃይላቸው ይጨምራል። ጋሼ በረጅም ብረት አዛወሯቸው። እኔን ራቅ በል አሉኝ። ያ ሞላ ካመለጠ ጣት ይሰብራል፤ ይህንን ቤቱ ልሞክር ለሚል ሰው አልመክርም።

መብራቱን የሠራው እዚያው ጎን ያለ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው። «ብሮ፣ ፍሬን ርገጥልኝ» አለኝ። ፔዳሉን ስረግጥ የሚነቃውን ገመድ በመፈተሻ አምፖል አገኘው። ከዚያ ላይ ወሰደ፣ ኔጋቲቩን ንጹሕ ብረት ላይ አሰረ። ገመዱን በማጠፊያው በኩል ሲያሳልፍ ኮፈኑ ሲከፈትና ሲዘጋ እንዳይወጠር ትርፍ ተወለት። ይህችን ትርፍ ነገር የሚያስብ ልጅ የት ይገኛል? አንድ ቀን የራሱን ጋራዥ እንደሚከፍት አልጠራጠርም።

ቀለሙ ብዙ አላስቸገረም። ኮሮላዋ ነጭ ናት፤ ግን የዘመናት ፀሐይ ያየ ነጭ ስለሆነ አዲስ ነጭ ቢቀባ ይለያል። ቀቢው ጠብታ ቢጫ፣ ጠብታ ጥቁር እየጨመረ ወረቀት ላይ እየሞከረ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ከመኪናዋ ጎን አስጠግቶ ያየው ነበር። በአምፖል ብርሃን የሚመሳሰል ቀለም በቀን ይጋለጣል። አሁን ሁለቱን የሚለይ ሰው የለም።

ከሰዓት በጎማ ቱቦ ውኃ ለቀቅንባት። ኮፈኑን ከፍቼ በየዳዶው ዙሪያ በደረቅ ሶፍት ጠረግኩ። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ጋሼ ከመዳፌ ወስደው ራሳቸው አዩት፤ ከዚያ ነው የመረቁኝ። «በሰላም ያስነዳህ ልጄ» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በጥር ሠርጉ አጃቢ አድርጎ ቆጥሯታል፤ ሪባኑን ስፖይለሩ ላይ እናስራለን እያለ ነው። እሺ ብያለሁ፣ እንዳይወጠር ግን ራሴ ነኝ የማስረው።

ነገ በአዘዞ መንገድ እወጣለሁ። ኮረኮንቹ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ድምፁ ይነግረኛል። ከቡሎኖቹ ሥር ያለው ቀጭን ጎማ በቦታው ሲጋደም ዳዶዎቹ ስለሚላሉ በሳምንቱ ደግሞ ጋሼ ዘንድ ተመልሼ አስጠብቃቸዋለሁ።