ኮርክ ያሸነፈበት ሰሌዳ

በምሠራበት የደብሊን ማተሚያ ቤት ጌሊክ እግር ኳስ የሚባለውን የአየርላንዶች ባህላዊ ጨዋታ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ አብረውት አድገዋል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ አውቃለሁ ያለ ሰው ማንበብ ይተዋል። እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝ፤ የሚመጣልኝን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ።

አንድ መጠጥ ቤት የአውራጃ ቡድኖች የሚፋለሙባቸውን የመላው አየርላንድ የእግር ኳስ ፍጻሜዎች ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚዘረዝር ትልቅ የግድግዳ ሰሌዳ አዘዘን። ዓመት፣ አሸናፊ፣ ተሸናፊ፣ ውጤት። ውጤቱን ወደ ኤክሴል ያስገባው አለቃዬ ነው። ለማታውቁት፣ በዚህ ጨዋታ ኳስ ከጎሉ አግዳሚ በታች ከገባች ጎል ናት፤ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ሆና ከአግዳሚው በላይ ካለፈች ነጥብ ናት። ስለዚህ ውጤት በሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያውን ዋንጫ ሊመሪክ ላውዝን 1-4 ለ 0-3 ረትቶ ወሰደ ሲባል፣ አንድ ጎልና አራት ነጥብ ለባዶ ጎልና ሦስት ነጥብ ማለት ነው።

አለቃዬ ይህ ለቱሪስት ግራ ያጋባል ብሎ “ድምር” የሚል ዓምድ ጨመረ። ጎል ሲባዛ በ3፣ ሲደመር ነጥብ። የአሸናፊው ድምር ካነሰ ረድፉ ቀይ እንዲሆንም አዘዘው። ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ቀይ የሆነው አንድ ረድፍ ነበር፤ 1891። ደብሊን 2-1፣ ኮርክ 1-9። በእሱ ስሌት ደብሊን 7፣ ኮርክ 12። እሱም ያለ ብዙ ምርምር ስሞቹን አቀያይሮ ኮርክን አሸናፊ አደረገ። ቀዩም ጠፋ።

ቀደም ሲል 1888 ላይ “መረጃ አልተገኘም” ብሎ ጽፎ ነበር። መረጃው አልጠፋም፣ ያን ዓመት ስፖርተኞቹ ጨዋታውን ለሚመራው ማኅበር ገንዘብ እናሰባስብ ብለው አሜሪካ ስለሄዱ ውድድሩ ሳያልቅ ቀረ አልኩት። አመስግኖኝ አስተካከለ። በዚያ ተበረታትቼ ነው 1891ንም ያነሳሁበት።

“ይኼኛው ትክክል ነበር፤ ያሸነፈው ደብሊን ነው” አልኩት።

“12 ከ7 ይበልጣል” አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

“ያኔ ጎል በ3 አይባዛም ነበር። አንድ ጎል ከስንትም ነጥብ ይበልጣል። ነጥብ የሚታየው ጎል እኩል ሲሆን ነው። በኦሊምፒክ የሜዳሊያ ሰንጠረዥ አንድ ወርቅ ያለው አገር አሥር ብር ካለው በላይ እንደሚቀመጠው ማለት ነው።”

“ይኼ ሩጫ አይደለም” አለኝ።

ይህችን ልብ በሉልኝ። ቀጠለና ደግሞ ጨዋታው የተደረገው የካቲት 1892 መሆኑን ከመዝገቡ አገኘ። ጎል አምስት ነጥብ ነው የተባለው በ1892 ስለሆነ አሁን ያዘኝ መሰለው። በ5 አባዛው፤ ኮርክ 14፣ ደብሊን 11። “አየህ? በ3ም በ5ም ኮርክ ነው!” ፍጻሜው ክሎንተርክ ፓርክ ላይ የተደረገው በ1892 ቢሆንም ዋንጫው የ1891 ነው፣ የተዳኘውም በ1891 ሕግ ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። በሁለት አቆጣጠር ለኖርን ሰዎች ይህ ምኑ ይከብዳል? እሱን ግን ከበደው።

በመጨረሻ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና ረጋ ብሎ፣ “እኔ በዚህ ጨዋታ ነው ያደግኩት። አባቴም ተጫውቷል። አንተ ደግሞ ከኢትዮጵያ...” ብሎ ተወው። መጨረስም አላስፈለገውም፤ አጠገባችን የነበረው ልጅ የማያስፈልገውን ወረቀት ሊያመጣ ተነሥቶ ሄደ። እኔም “እሺ” ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መልሱ፣ እንደ ልማዱ፣ ማታ አውቶቡስ ላይ መጣልኝ፦ አባትህም ቢሆን በ1892 አልተጫወተም።

የሙከራ ኅትመቱ እንደዚያው ወጣ፤ ባለ መጠጥ ቤቱ ሊያየው መጣ። ወፈር ያለ፣ ድምፁ ከበር የሚሰማ ሰው ነው። ጣቱን በዓመቶቹ ላይ እያስኬደ ወርዶ 1891 ላይ ቆመ። ዝም አለ። ከዚያ፣ “ይኼን የሠራው ማነው?” አለ።

አለቃዬ ጊዜ ሳያባክን በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።

ሰውዬው ሳቁ አመለጠው። የኮርክ ልጅ ኖሯል፤ ያውም ያን ጊዜ ኮርክን ወክሎ የተጫወተው የክሎንድሮሂድ ቡድን ከነበረበት አካባቢ። በዚያን ዘመን አውራጃውን የሚወክለው የአውራጃው ሻምፒዮን ክለብ ነበርና፣ ለእሱ ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ነው። ዘጠኝ ነጥብ አግብተው መሸነፋቸውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል። “በ1894ም እየመራን ሕዝቡ ሜዳ ገባ፣ ይደገም ሲሉን እምቢ ብንል ዋንጫውን ለደብሊን ሰጡት። ቢያንስ አንዷን መልሳችሁልናል፤ እንዳትነኳት!” አለ።

“ድምሩን የሠራሁት እንኳ እኔ ነኝ” አለ አለቃዬ።

ሰሌዳው ታትሞ ተሰቀለ። ስህተት መሆኑን ባለቤቱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፤ የደብሊን ሰዎች እየገቡ ይከራከራሉ፣ ክርክር ደግሞ ያስጠማል። ገበያው ደርቶለታል አሉ። እኔ ግን ማረም ሥራዬ ነውና ፋይሉ ውስጥ የዓመት ዓምድ አስገብቼ ቀመሩን አስተካከልኩ፤ እስከ 1891 ጎል ቀድሞ ይታይ፣ ከ1892 በ5፣ ከ1896 ወዲህ በ3። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልከፈተውም።

ሰሞኑን አለቃዬ ለአዲስ ደንበኛ ታሪኩን ሲያወራ ሰማሁት። ጎል በዚያን ዘመን ከስንትም ነጥብ ይበልጥ እንደነበር፣ እሱ ይህን አሳምሮ እያወቀ ለኮርኩ ሰው ሲል ሆን ብሎ እንደገለበጠው ተረከለት። የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋንም አልተዋትም። ሲጨርስ “አይደለም እንዴ?” ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የዓመት ፈቃዴን ገና አልፈረመልኝም፤ “ነው” አልኩ።