ቤት ውስጥ ሪከርድ ለማድረግ በአቅም የሚገዛ ጊታር፦ ፒክአፑን ለጊዜው እርሱት

"ቤት ሆኜ ሪከርድ ላደርግበት ነው፣ ዋጋው የማይከብድ የሚሰካ አኩስቲክ ጊታር የቱ ይሻለኛል?" የሚለው ጥያቄ ኢንቦክስ ስለበዛብኝ ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ጽፌው ሊንኩን ብልክ ይቀለኛል ብዬ ነው፣ ስንፍና በሉት።

አኩስቲክ-ኤሌክትሪክ የሚባለው ያው አኩስቲክ ጊታር ነው፣ ውስጡ ፒክአፕ ተገጥሞለት። ረከስ የሚሉት ላይ ፒክአፑ ሁሌ ማለት ይቻላል ፒየዞ ነው፣ ብሪጁ (ሆዱ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ሳድል የምትባል ነጭ ነገር አለች አይደል፣ እሷ ስር የሚተኛ ቀጭን ነገር ነው፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። እንግዲህ የሚሰማው እዛች ቦታ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከሆዱ የሚወጣውን አየር፣ ክፍሉ ውስጥ የሚዞረውን ድምፅ አያውቀውም። ለዛ ነው በቀጥታ ሰክታችሁ ስትቀርጹ፣ በተለይ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ፣ ያ የላስቲክ የሚመስል ድርቅ ያለ ድምፅ የሚመጣው። መድረክ ላይ ከድራምና ከቤዝ ጋር ሲሆን ማንም ልብ አይለውም፣ የተሰራውም ለዛ ነው፣ ማይክ ፊድባክ (ከስፒከር የሚመለስ ጩኸት) እየፈጠረ ለሚያስቸግርበት ቦታ። ቤት ውስጥ ግን የሚሸፍንለት ድራም የለም፣ ሄድፎን አድርጋችሁ ጊታሩን ብቻውን ስትሰሙት ጉዱ ይወጣል።

ስለዚህ እኔ ለሁሉም የምለው አንድ ነው፣ ጊታሩን ሳትሰኩት በሚሰጣችሁ ድምፅ ምረጡት። ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ጊታሮች ካሉና አንዱ ፒክአፕ፣ ቲዩነር፣ የቤዝና ትሬብል ማስተካከያ ምናምን ከተደረደረበት ያ ሁሉ ዕቃ በነጻ አልመጣም፣ ብዙ ጊዜ የተቀነሰው ከእንጨቱ ነው።

እንጨት ካልን ደግሞ ዋናው የፊቱ ገበታ ነው። ወጥ እንጨት ነው ወይስ እንደ ኮምፔርሳቶ ተደራርቦ የተጣበቀ? ወጥ የሆነው በደንብ ይንቀጠቀጣል፣ እየተጫወታችሁበት ሲሄድም ድምፁ ይከፈታል ይባላል (እኔም እንደዛ ይመስለኛል ግን በዚህ ጉዳይ ሰው እስኪሰለቸው ይከራከራል)። ጀርባና ጎኑ የተደራረበ ቢሆን ብዙም አያሳስባችሁ፣ በዚህ ዋጋ ሁሉም ማለት ይቻላል እንደዛ ነው። ለማወቅ ደግሞ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ እዩት፣ የላይኛው የእንጨት መስመር ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ከወረደ ወጥ ነው፣ ንብርብር ከታያችሁ አይደለም። የሞዴል ስሙም ይናገራል፣ ለምሳሌ ፌንደር ሲዲ-60ኤስሲኢ ላይ ከቁጥሩ በኋላ ያለው "ኤስ" ማለት ወጥ ገበታ፣ "ሲ" ማለት ጎኑ የተቆረጠ፣ "ኢ" ማለት የሚሰካ ማለት ነው። ያማሃ ከ1966 ጀምሮ ኤፍጂ የሚባል መስመር አለው፣ ኤፍጂ800 የሚባለው ወጥ የስፕሩስ ገበታ ያለው ሲሆን ኤፍጂኤክስ800ሲ ደግሞ ጎኑ ተቆርጦ ፒክአፕ የተጨመረበት ዘመዱ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካገኛችሁና የዋጋው ልዩነት የአንድ ማይክ ያህል ከሆነ፣ እኔ ብሆን ፒክአፕ የሌለውንና ማይኩን እወስድ ነበር። ኤፒኤክስ የሚባሉት ስስ ሆድ ያላቸው ግን ለመድረክ ነው የተሰሩት፣ አያያዛቸው ይመቻል ግን ማይክ ፊት ትንሽ ቀጠን ይላሉ።

የሆዱ መጠንም አለ። ድሬድኖት የሚባለው ትልቁ ቤዙ ብዙ ነው፣ ለብቻው ሲሰማ ደስ ይላል ማይክ ሲቀርበው ግን ቡም ቡም ይላል። ወገቡ ቀጠን ያለው ኮንሰርት የሚባለው ዓይነት ለቀረጻ ይቀላል፣ በተለይ በጣት ለሚጫወት።

ማይኩን የት እናድርገው ለምትሉ፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክና (ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ስሱ ማይክ ነው) 48 ቮልት የሚሰጠው ኢንተርፌስ (ማይክና ጊታርን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን) ካላችሁ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች) አካባቢ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቃችሁ አቁሙት፣ ቀዳዳው ላይ ብቻ አታነጣጥሩት። ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት 82 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ከዛ በታች ያለውን ድምፅ ከቀረጻው ላይ ብትቆርጡት የሚጎድል ነገር የለም፣ የጠረጴዛ ግጭትና የመኪና ጉርምርምታ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ፒክአፕ ጥቅም የለውም ወይ? ኧረ አለው። ቤታችሁ ጫጫታ ከሆነ፣ ጎረቤት፣ ልጆች፣ ቴሌቪዥን፣ ማይክ ሁሉንም ይሰበስባል ፒክአፕ ግን ምንም አይሰማም፣ እንደዚህ ዓይነት ቤት የሚኖር ሰው ከላይ ያልኩትን ገልብጦ ቢያነበው ይሻላል። ሀሳብ እንዳይጠፋ ቶሎ ሰክቶ ለመቅረጽም አንደኛ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀርጾ ማደባለቅም ይቻላል፣ ግን ድምፁ ማይኩ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ በ30 ሴንቲሜትር ወደ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ እና ሲደባለቅ ከሳሳባችሁ አንዱን ትራክ ትንሽ ገፋ አድርጉት ወይ ፌዙን (የድምፅ ሞገዱን ወደላይ ወደታች) ገልብጡት። ስትሰኩ ኢንተርፌሱ ላይ የጊታር ምልክት ያለበትን ኢንፑት ምረጡ፣ በተለይ ጊታሩ የራሱ ፕሪአምፕ (የፒክአፑን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ በባትሪ የሚሰራ ነገር) ከሌለው፣ አለበለዚያ ቤዙ ጠፍቶ ቀጭን ድምፅ ነው የምታገኙት።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬት ተጭናችሁ ስሙት፣ ዝዝዝ የሚል ካለ ማይክ አይምረውም። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በስሱ ነክታችሁ የሚወጣው ድምፅና ተጭናችሁ የሚወጣው አንድ ካልሆነ ጊታሩ ወደላይ ሲወጣ ቅኝቱ ይበላሻል። እዛው ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ ያለው ከፍታ ከ2.5 ሚሊሜትር ብዙ ካለፈ ጣት ያደክማል፣ ሳድሉን በመሞረድ ሊስተካከል ይችላል፣ አንገቱ ራሱ ከተጣመመ ግን ተዉት። የባትሪውን ቤት ክፈቱ፣ ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ፈሶ ዝጎ እንዳይሆን፣ ብዙዎቹ ላይ ኬብሉ እስከተሰካ ድረስ ፕሪአምፑ እየሰራ ስለሆነ ሰው ሰክቶ ይረሳዋል። ከዛ ሰክታችሁ ጃኩን ነቅነቅ አድርጉት፣ ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ በእኩል ጉልበት ምቱ፣ አንዱ ከሌሎቹ ቀንሶ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ ሳድሉ ፒየዞው ላይ በደንብ ስላልተቀመጠ ነው፣ ይስተካከላል፣ እናንተ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት።