ወርቋን ኪሴ ከትቼ ዳሎኔጋ የሄድኩ ቀን

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ጓደኛዬ ከክላርክስተን ተነስተን ወደ ሰሜን ጆርጂያ፣ ወደ ዳሎኔጋ ከተማ ነዳን። ሀይዌይ 400 መጀመሪያ ላይ በትራፊክ ያቃጥልሃል፣ ከፍ እያልክ ስትሄድ ግን ዛፉና ተራራው ይመጣና በቃ ትረሳዋለህ። ኪሴ ውስጥ በሶፍት የጠቀለልኳት አንዲት የድሮ የአምስት ዶላር የወርቅ ሳንቲም አለች፣ አምና ከወርቁ ዋጋ ትንሽ አስበልጬ የገዛኋት። ጀርባዋ ላይ ከንስሩ ግራ በኩል ትንሽዬ "ዲ" ፊደል አለባት። ድሮ ዳሎኔጋ በነበረው ሳንቲም መምቻ የተመታ ወርቅ "ዲ" አለው፣ ብርቅ ነው ሲባል ሰምቼ እኔ በሆዴ ቤት ገዝቼ ጨርሻለሁ።

ከተማዋ ትንሽ ናት። መሀል አደባባዩ ላይ በ1836 የተሰራ ፍርድ ቤት አለ፣ አሁን የወርቅ ሙዚየም ነው። ጡቡ ከአካባቢው አፈር ስለተሰራ ውስጡ የወርቅ ብናኝ አለበት ይላሉ፣ እኔም በጥፍሬ ልፍቀው ስል ጓደኛዬ "አንተ ልታሳስረን ነው!" ብሎ እጄን መታኝ።

ወርቅ የወጣው በ1829 አካባቢ ነው፣ መሬቱ የቼሮኪዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ነበር። በ1838 ሳንቲም መምቻው ተከፈተ፣ በዛው ዓመት ሰዎቹን በወታደር እየነዱ አባረሯቸው። ዳሎኔጋ የሚለው ስም ራሱ በነሱ ቋንቋ ቢጫ ማለት ነው፣ ቃሉን አስቀርተው ባለቤቶቹን ማባረር እኮ የሚገርም ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ መስታወት ስር እዚህ የተመቱት ሳንቲሞች ተደርድረዋል፣ የ1 ዶላር፣ የሁለት ተኩል፣ የ5፣ እና እዚህ በ1854 ብቻ የተመታችው የ3 ዶላር። እኔን ያስቀረችኝ ግን በ1861 የተመታችው የ1 ዶላር ሳንቲም ናት። ከጥፍር ብዙ አትበልጥም፣ ክብደቷ ሁለት ግራም አይሞላም፣ ግን ኮንፌደሬቶቹ፣ ያኔ ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ መምቻውን ከያዙ በኋላ ስለተመታች ስንት እንደተመታ መዝገብ የለም፣ የተረፈውም ጥቂት ነው፣ ስለዚ ዛሬ በአስር ሺዎች ዶላር ነው የምትሸጠው። እናቴ ብትሰማ መጀመሪያ "ስንት ካራት ነው?" ነው የምትለው፣ እዚህ ግን ካራቱን የሚጠይቅ የለም።

አጠገቤ አጉሊ መነጽር የያዘ አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ነበር፣ ደፈር ብዬ የኔን አሳየሁት። ዓመቷን አይቶ ሳቅ አለ። 1910! እዚህ እኮ መምቻው በ1861 ተዘግቷል፣ ከ1906 ጀምሮ ያለው "ዲ" ዴንቨር ከተማ የተመታ ማለት ነው አለኝ። ጓደኛዬ ዞር ብሎ ሳቁን ሲያፍን ይታየኛል።

በዛ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰውየው ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ አያትና "አጽድተሃታል እንዴ?" አለኝ። አዎ፣ ደብዘዝ ብላብኝ በጥርስ ብሩሽና በኮልጌት ፈትጌያታለሁ፣ እንደ ሀብል መስላኝ! በመነጽሩ ሲያሳየኝ ፊቷ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ጭረት ሞልቷል። ለሳንቲም ደረጃ የሚሰጡት ድርጅቶች፣ እነ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ፣ እንደዚ አይነቷን ከ1 እስከ 70 ባለው ነጥብ አያስቀምጧትም፣ የጸዳች ነች ብለው ይጽፉባታል፣ ከዛ በኋላ በሩብ ወቄት በምትጠጋው ወርቋ ብቻ ነው የምትሸጣት። ደግሞ የዚች ስዕል እንደሌላው ከፍ ብሎ አልወጣም፣ ወደ ውስጥ የተጠረበ ነው፣ በ1908 ስትወጣ ራሱ ቆሻሻ ይይዛል ብለው ያማረሩባት ነበሩ።

እውነታቸውን ነው። ፊቷ ላይ ያለው የቀይ ህንዱ የራስ ላባ ውስጥ የገባው ነጭ ኮልጌት እስካሁን አለ። በስፒል ላውጣው ወይ ብዬ ብጠይቀው ሽማግሌው ራሱን ይዞ "በፍጹም እንዳትነካት!" አለኝ።