እርሳሱ በተማሪው እጅ ይሁን፦ ሒሳብ ሳስጠና የተማርኩት

ሒሳብ ማስጠናት የጀመርኩት በ2009 ዓ.ም. አምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ነው። የመጀመሪያው ተማሪዬ በዓመቱ መጨረሻ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቀው ልጅ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ እቤቱ እየሄድኩ አንድ ሰዓት ተኩል አስጠናው ነበር። ሥራዬ ያመጣውን የቤት ሥራ ደህና አድርጎ ማስረዳት ይመስለኝ ስለነበር፣ የኳድራቲክ እኩልታ ሲመጣ እኔ እጽፋለሁ፣ እርሱ ያያል፤ «ገባህ?» እለዋለሁ፣ «ገብቶኛል» ይለኛል። ደብተሩ በትክክለኛ መልስ ተሞላ። ለእናቱም ልጃቸው እየበረታ መሆኑን ነገርኳቸው።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ውጤት ግን ከቀድሞው አልተሻለም። የፈተና ወረቀቱን ተቀብዬ ስመረምረው ቀመሩን በትክክል ጽፎታል፤ የሳተው ከቅንፍ በፊት ያለውን የመቀነስ ምልክት ሲያባዛና ክፍልፋይ ሲደምር ነበር። የ10ኛ ክፍል ትምህርት ሳብራራለት የከረምኩት ልጅ ያስቸገረው የ6ኛና የ7ኛ ክፍሉ ነበር። ይህን ለማየት እርሳሱን ለእርሱ ትቼ፣ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ መመልከት ይበቃኝ ነበር። ለእናቱ ያለ መሠረት ተስፋ መስጠቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ከአዲስ ተማሪ ጋር የመጀመሪያውን ቀን የምናሳልፈው የክፍሉን መጽሐፍ ሳንከፍት ነው። ከ5ኛ ክፍል ጀምረው ወደ ላይ የሚወጡ ሃያ ያህል አጫጭር ጥያቄዎች አቀርባለሁ፤ ተማሪው እየሠራ የሚያስበውን ድምፁን አውጥቶ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ 1/2 + 1/3 ነው። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው 2/5 የሚሉኝ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ይህንኑ መልስ ስትሰጠኝ፣ ግማሽ ዳቦ ይዛ ሲሶ ቢጨመርላት ከግማሽ ያነሰ ይኖራት እንደሆነ ጠየቅኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና መልሷን ራሷ ሰረዘችው። የጋራ ታህት ስለ መፈለግ ያስረዳኋት ከዚያ በኋላ ነው፤ ደንቡ ለምን እንደሚያስፈልግ አስቀድማ ስላየች ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም።

የዚህች ልጅ ጉዳይ ሌላም ነገር አስተምሮኛል። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብ በአማርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር» የሚለውን ሐረግ 5 - ኤክስ ብላ ጻፈችው። «ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ» ብዬ በአማርኛ ስጠይቃት ግን ሳትዘገይ ኤክስ - 5 አለችኝ። አማርኛው ቁጥሩን አስቀድሞ ሲጠራ እንግሊዝኛው አምስቱን ያስቀድማል፤ እርሷም ቃላቱን በተሰለፉበት ቅደም ተከተል ነበር የገለበጠችው። ቤተሰቦቿ «ሒሳብ አይገባትም» ብለው ነበር የጠሩኝ። የሚገባትን ነገር ባልለመደችው ቋንቋ ስትጠየቅ መቸገሯን ለማስረዳት ከሒሳቡ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። እስከ ዛሬ ድረስ የቃላት ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ በአማርኛ እንዲነገር፣ ቀጥሎ እንዲጻፍ አደርጋለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ልማድ ተማሪው መልሱን ራሱ እንዲፈትን ማድረግ ነው። 3 - 2(ኤክስ - 4) የሚለውን ሲፈቱ ብዙዎች 3 - 2ኤክስ - 8 ይላሉ። ቀድሞ «ምልክቱን ተመልከት» እል ነበር፤ ልጁም ፊቴን አይቶ ምልክቱን ይቀይራል። አሁን በኤክስ ቦታ 5ን እንዲያስገባ እነግረዋለሁ። መነሻው 1 ይሰጠዋል፣ የእርሱ መልስ ደግሞ -15። ሁለቱ እኩል መሆን እንደነበረባቸው ያውቃልና ስህተቱን መፈለግ ይጀምራል፤ 11 - 2ኤክስ ላይ ሲደርስ 5ን መልሶ አስገብቶ 1 ሲያገኝ የእኔን ማረጋገጫ አይጠብቅም። የተሳሳተው መስመር አይጠፋም፤ አንድ ሰረዝ ተደርጎበት ለዚሁ በተለየ ደብተር ላይ ይቀመጣል። ፈተና ሲቃረብ ከማንኛውም ወርክሺት አስቀድመን የምንከልሰው ያንን ደብተር ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ የወላጆች ጭንቀት ጨምሯል። በዚያ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ ቀድሞ የተሰጡ ፈተናዎችን ብቻ እንዳሠራ የሚጠይቁኝ ቤተሰቦች በዙ። ጭንቀታቸውን እረዳለሁ፤ የድሮ ፈተና መሥራትም ይጠቅማል። ነገር ግን ተማሪው አራቱን ምርጫዎች እያየ የሚቀርበውን መገመት ስለሚለምድ፣ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኖ መልሱን ካገኘ በኋላ እንዲገልጣቸው አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም ያዘግማል፤ ይህን ለወላጆች አስቀድሜ ካልነገርኩ ልጁ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ አሁን ከወላጆች ጋር የምስማማው ክፍያ ከመነጋገራችን በፊት ነው። የቤት ሥራ እንደማልሠራ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከክፍሉ በታች ባለ ትምህርት ላይ ሊያልፉ እንደሚችሉ፣ ልጁ ስህተቱን ራሱ ማግኘት ሲጀምር ደግሞ ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት፣ ሁለቱንም ወደ አንድ እንደምቀንስ እነግራቸዋለሁ። ገቢዬ እንደሚቀንስ አውቃለሁ። የዳቦዋ ልጅ እናት ወደ አንድ ቀን ስንወርድ «ብቻዋን ትችለዋለች?» ብለው ሰግተው ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ልጅቷ የሠራችውን ሳይሆን ሠርታ የሰረዘቻቸውን ሦስት መስመሮች ነበር አስቀድማ ያሳየችኝ።