ቆርኪው ማታውኑ ይቆጠር

ሐዋሳ ውስጥ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣት፣ የመቅበጥበጥና ሳያስቡ የመቸኮል ችግር) ያለባቸውን ልጆች ወላጆች ሳሠለጥን መጀመሪያ የማስተካክለው ትእዛዙን ነው። እናት ከወጥ ቤት ሆና «ተነስ፣ ተጣጠብ፣ ልብስህን ልበስ፣ ደብተርህን እንዳትረሳ!» ትላለች። ልጁ አንዱን ይዞ ሦስቱን ይጥላል፤ «አይሰማም» ይባላል። ይሰማል፤ የሰማውን እስኪጨርስ በአእምሮው ይዞ መቆየቱ ነው የሚያቅተው። አስተዳደግ ያመጣው ችግር አይደለምና እናትን መውቀስ ይቅር።

ቀርቦ፣ ትከሻውን ነክቶ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ ነው፦ «ጫማህን አድርግ»። ሳይደግሙ በልብ እስከ አምስት መቁጠር። ልክ ሲጀምር «ጎበዝ፣ እንዳልኩህ ጫማህን አነሳህ» ይባል። ባዶ «ጎበዝ» አይበቃም፤ ያደረገው ነገር ይነገረው። ይህን በቃል አስረድቼ ስሸኛቸው ቤት ሲገቡ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ እኔ ልጁን ሆኜ ከአባትም ከእናትም ጋር ደጋግመን እንለማመዳለን። አያት ካለች እሷም ትምጣ፤ እናት የከለከለችውን አያት ከሰጠች ሁሉም ከንቱ ነው።

ቀጥሎ የለስላሳ ቆርኪና የሚያሳይ ብርጭቆ። ሦስት ተግባር ይመረጣል፤ ሁለቱ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆኑለት፣ አንዱ የሚከብደው። እያንዳንዱን ሲፈጽም እዚያው አንድ ቆርኪ ብርጭቆው ውስጥ ይገባለታል። ማታ ተቆጥሮ ሁለት ከሞላ 20 ደቂቃ ከአባት ጋር ኳስ። ብዙዎች «ቅዳሜ ሐይቅ ዳር እወስድሃለሁ» ይላሉ፤ ለዚህ ልጅ ቅዳሜ በጣም ሩቅ ነው። ሌላው ስህተት ሲያጠፋ ቆርኪውን መንጠቅ ነው፤ ያገኘው ከተወሰደበት መልፋቱን ይተዋል። ሽልማቱም ይሰለቻልና በየሁለት ሳምንቱ ይቀየር።

ልቅሶና ንዝነዛን ችላ ማለት ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳል። አስቀድሜ የምነግራቸው ለዚህ ነው፤ ሲብስ ከተሸነፉ ልጁ የሚማረው ይበልጥ መጮህ እንደሚያዋጣ ነው። መማታትና ባጃጅ ወዳለበት መንገድ መሮጥ ግን ፈጽሞ ችላ አይባልም።

ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከመድኃኒት በፊት ይሄ ሥልጠና ይቀድማል፤ ከዚያ በላይ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ውሳኔው የሐኪም ነው።

ለትምህርት ቤት መምህሯ ምልክት የምታደርግበት ሁለት መስመር ያለው ወረቀት እሰጣለሁ፦ «የክፍል ሥራውን ጨረሰ»፣ «እጁን አውጥቶ ተናገረ»። ለአንድ ምልክት ቤት አንድ ቆርኪ። ወረቀቱ ከጠፋ ቆርኪ የለም፣ ቁጣም የለም። እናቶች ምሳ ዕቃው ውስጥ ማድረግ ጀምረዋል፤ ደብተር ቢረሳም ምሳ ዕቃው ብዙ ጊዜ ቤት ይመለሳል።