ሻማው እስካሁን አልጠፋም

ዛሬ መዳፍ ከምታክል የኢ-ኢንክ ስክሪን ጋር ስታገል ዋልኩ። መጽሐፍ ማንበቢያዎቹ ላይ ያለችው ዓይነት ናት። የልጄን የልደት ቪዲዮ ላጫውትባት ብዬ ነው። እብደት በሉት።

ውስጧ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛሉ። ኤሌክትሪክ ሲገፋቸው ቦታ ይቀያየራሉ፤ ግን አይቸኩሉም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይፈልጋል። የኔዋ አንዱን ለመቀየር ብቻ 2 ሰከንድ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ስክሪኑን በከፊል ብቻ እንድታድስ ሳደርጋት ፈጠነች። ግን የቀደመው ምስል እንደ ጥላ እየቀረ ልጄን ባለ አራት ዓይን አደረጋት። እሷ ደግሞ አይታ በሳቅ ሞተች።

ማታ ተሸነፍኩ። ስክሪኗን በደቂቃ አንድ ምስል ይበቃሻል አልኳት። ገመዱን ስነቅል ምስሉ እዚያው ቀረ። ጠረጴዛዬ ላይ ልጄ ጉንጯን ነፍታ አሁንም ሻማውን እፍ ልትል ነው።